ጥገኛው በአስቸኳይ እንዲወገድልኝ ስለ መጠየቄ

ለክቡር የነዋሪነት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
በመስኮት ቁጥር ሰባት በኩል

ጉዳዩ፦ ለተሰጠኝ ፈጣን ምላሽ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በተለይም ጉበትዎ ሙሉ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ጉበትን ነጥዬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አለመሆኑን ወረድ ሲሉ ያገኙታል። እኔ ከጎኔ ከምትወጣው ቀጭን ቱቦና ዐሥራ ዘጠኝ ቦታ ከተሰፋው ሆዴ በስተቀር ደህና ነኝ።

ማን መሆኔን ዘንግተውት ይሆናል። በመዝገብዎ ላይ ሁለት መስመር አለኝ፤ ከላይ «ደጋፊ፦ ባል»፣ ከሥሩ «ጥገኛ፦ ሚስት» ይላል። ጥገኛዋ እኔ ነኝ። ባሌ ወረቀት ልኮ ወደዚህ አገር ከማስመጣቱ በፊት ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ እጽፍ ነበር። የወሰን ክርክር፣ የፍቺ ክስ፣ የጡረታ አቤቱታ፣ ሁሉንም በወጉ ጽፌ ዳኛ አስነብቤአለሁ። እኔ የጻፍኩት ማመልከቻ አልገባንም ተብሎ የተመለሰበት ቀን አልነበረም፤ ያን ጊዜ ታዲያ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር አልተዋወቅንም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

1ኛ. ስለ ቃላት ምርጫዎ። ቅጹን ወደ ቋንቋችን የመለሰልዎ አስተርጓሚ ባልን «ደጋፊ»፣ ሚስትን «ጥገኛ» ብሎ ሲሰይም ነገሩን አስቀድሞ በዓይኑ ያየው ይመስለኛል። ደጋፊዬ በእርግጥም ደግፎኛል፤ አንድ ጊዜ በፀጉሬ፣ ሁለት ጊዜ በአንገቴ፣ እግሬ ከወለሉ እስኪለቅ ድረስ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ደግፎኛል። ሲለቀኝም ያንኑ ግድግዳ ተጠግቼ ትንፋሼን ሰብስቤአለሁ። ቃሉና ተግባሩ እንዲህ የገጠመለት መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

2ኛ. በመጣሁ በሁለተኛው ወር ቀኝ ጎኔን ያዘኝ። መጀመሪያ እንደ መርፌ ወጋ ወጋ ያደርገኝ ነበር፤ ቆየት ብሎ ግን ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ሰው የተቀመጠ እስኪመስለኝ ከበደኝ። በጎረቤት ልመና ሐኪም ቤት ተወሰድኩ። ሐኪሟ የሆዴን ምስል አብርታ ብርቱካን የሚያህል ክብ ጥላ አሳየችኝ፤ በስልክ የተገኘው አስተርጓሚም «ጉበትሽ ላይ ጥገኛ አለ» አለኝ። እኔም ጥገኛ ማለት እኔ መሆኔን፣ ይህም በቅጽ ላይ መስፈሩን ገልጬ፣ ጉበቴ ላይ የሰፈረው ደግሞ የማን ጥገኛ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅሁት። አልሳቀም። ሐኪሟ በወረቀት ሥላ አስረዳችኝ፤ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ነው፣ በልጅነቴ ገብቶ ውሃ በሞላው ከረጢት ውስጥ ተመቻችቶ ሲያድግ ኖሯል። ነፍሱን ይማረውና አስተርጓሚው የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሳያዛባ ነገረኝ፤ በቀዶ ሕክምና እስኪወጣ ድረስ ሆድሽን ምንም ነገር እንዳይመታሽ፣ ከረጢቱ ከፈነዳ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይገድልሻል አለኝ። «ነፍሱን ይማረው» ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ እንዲሁ ስለምመኝለት ነው።

3ኛ. ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር የጥገኛ ቀዶ ሕክምና የሚካሄደው በደጋፊው ፊርማ ብቻ እንዲሆን ስለ ደነገጉ። ደጋፊዬ በማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የሥጋ ካርቶን የሚደረድር ሰው ነው። የሚስቱ መታመም ከተመዘገበ የእሱ ዜግነት የሚዘገይበት መሰለውና አልፈርምም አለ። እናቱ ዘንድ ደውሎ «ጤነኛ ናት ብላችሁ በሽተኛ ላካችሁልኝ!» ብሎ ከጮኸ በኋላ፣ አማቴ መልስ ስትሰጠው ስልኩን በእኔ ላይ ወረወረው፤ ቅንድቤ የተተረተረው ያኔ ነው። የሕክምና ካርዴንም በመጋዘን ጫማው ውስጥ አድርጎ እየረገጠው ሥራ ይሄድ ጀመር።

ያለ እሱ ፊርማ እንድታከም ለመለመን በአምስት ወር ውስጥ መስኮት ቁጥር ሰባት ዐሥራ አንድ ጊዜ ቆሜአለሁ። ተረኛዋን፣ እኛ ተሰላፊዎች ባለ ሹራቧ የምንላትን ሴት፣ ሳላመሰግን አላልፍም። በስምንተኛው ጊዜ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ስለነበር ለማስረዳት አፌን ስከፍት ደሙ በመስተዋቱ ቀዳዳ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ተንጠባጠበ። እሷም በወረቀት መሃረብ ጠረገችው፤ ጠረጴዛውን ማለቴ ነው። ከዚያም «ደጋፊዎን ይዘው ይምጡ» ብላ ያንኑ ቅጽ መልሳ ሰጠችኝ። ደጋፊዬ ይኸው ፊቴ ላይ አለ፣ እዩት፣ ማኅተሙን አትሞ ልኮታል ልላት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከንፈሬ አልታዘዝልኝ አለ፣ ተራዬም አለፈ።

4ኛ. ይህ ስለ ወንበሮቹ ነበር። ትቼዋለሁ።

5ኛ. ወደ ዋናው ምስጋናዬ ስመጣ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ቀድሞ ሙያዬ ተመለስኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያውን የራሴን ማመልከቻ ጻፍኩ። አራት ገጽ ነበር፤ ሕመሜን፣ የሐኪሟን ማስጠንቀቂያ፣ የደጋፊዬን እጅና የጫማውን ቁጥር ሳይቀር በዝርዝር አስፍሬበታለሁ። ከላይም እንደ ደንቡ «ጉዳዩ፦ ጥገኛው በአስቸኳይ እንዲወገድልኝ ስለ መጠየቅ» ብዬ አሰመርኩበት።

ለአምስት ወር ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ ጽሕፈት ቤትዎ በዘጠኝ ቀን መለሰልኝ! ኋላ እንደተረዳሁት አስተርጓሚዎ አራቱን ገጽ ትቶ ጉዳዩን ብቻ ተርጉሟል። በደንባችሁ ጥገኛ ማመልከት ስለማይችል ደግሞ ማመልከቻው በደጋፊዬ ስም ተመዝግቧል። መልሱም የተጻፈው ለእሱ ነበር፤ «ክቡር ደጋፊ፣ ጥገኛዎ እንድትወገድልዎ ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአገር የምትወጣ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። በደስታ የምትለዋን ደጋግሜ አንብቤአታለሁ። እኔ እኮ የጻፍኩት «ጥገኛው» ብዬ ነበር፤ በወንድ አንቀጽ፣ በ«ው»። ትሉን ከሴትዮዋ የሚለየው ያ አንድ ፊደል ነበር፤ አስተርጓሚዎ እሱን ዋጠና እኔን ተፋኝ።

6ኛ. ደብዳቤው ቤት የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ደጋፊዬ ገና ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ነው። ይህን አጥብቀው ይያዙልኝ፤ የመጋዘን ጫማ አፍንጫው ብረት ነው። አነበበው። እሱ እኔን መመለስ አልፈለገም ነበር፤ ስሙን ሰርቄ ከጀርባው መንግሥት ጋር መጻጻፌ ነው ያቃጠለው። በሩን ቆለፈ። «በእኔ ስም? በእኔ ስም?» እያለ ራሴን ከምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጨው ጀመር። ጥርሴ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየሁት። ሆዴን በሁለት እጄ አቅፌ ተጠቀለልኩ፤ ፊቴን ይውሰደው፣ ጀርባዬን ይውሰደው፣ ጎኔን ብቻ አይንካብኝ እያልኩ። ለመንኩት፤ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩት። ይህን መናገሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የት መምታት እንዳለበት ያሳየሁት እኔ ነኝና። እጄን በእጁ ፈልቅቆ ቀኝ ጎኔን በጫማው ጫፍ አገኘው። ከዚያ ደገመው።

ሲፈነዳ ሰማሁት፣ ክቡር ሆይ። ሞቅ ያለ ነገር በሆዴ ውስጥ ሁሉ ተደፋ፤ ገላዬ ከእግር እስከ ራስ በአንድ ጊዜ አበጠና ጉሮሮዬ ተዘጋ። እኔም እንዲሁ አልተሰናበትኩም፤ ሊያልፈኝ ሲል ባቱን በቀሩኝ ጥርሶች ይዤ አጥንት እስኪሰማኝ ነከስኩ። ጩኸቱን የሰማችው የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ናት፣ የጎማ መፍቻ ብረቷን ይዛ ወጣች። «ክፈት አንተ! አለዚያ በርም አይተርፍህ!» ስትል ይታወሰኛል። በሩም አልተረፈ፤ የደጋፊዬ የትከሻ አጥንትም አልተረፈ። ቀጭ ሲል ከሰማሁት በኋላ ራሴን ሳትኩ፤ ሳስበው እስከ አሁን ደስ ይለኛል፣ አልዋሽዎትም።

በዚያው ዕለት ተቀደድኩ። ፊርማ የጠየቀ የለም፤ ድንገተኛ ነዋ! የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በአምስት ወር ያልፈቀደውን የብረት አፍንጫ ያለው ጫማ በሁለት ምት አስፈቀደው። ለወደፊት ለሕሙማን ጥገኞች ቅጽ ከማደል ጫማ ቢያድሉ ሥራው ይቃለላል ብዬ በአክብሮት አሳስባለሁ።

7ኛ. አሁን ደጋፊዬ ትከሻው ታስሮ፣ ራሱም ታስሮ ይገኛል። ትእዛዝዎ ግን እንደ ጸና ነው፤ ዛሬ ዐሥራ ስድስተኛው ቀን ነው፣ ዐሥራ አራት ቀረኝ። ሐኪሟ እንደምትለው የፈሰሰው ውሃ በሆዴ ውስጥ ዘር በትኗል፤ የሰጠችኝን ክኒን ለብዙ ወራት በእሷ ዓይን ሥር ካልዋጥኩ አንዱ ከረጢት ዐሥር ሆኖ ይበቅላል። ይግባኝ ልል ቅጹን አስመጣሁ። በመጨረሻው መስመር ላይ «የደጋፊ ፊርማ» ይላል። ስቄ ስፌቴ ሊፈታ ነበር፤ ከዚያ አለቀስኩ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። መሞትን ፈርቻለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፍሴን ለማትረፍ እስር ቤት ድረስ ሄጄ ያንን እጅ ፊርማ መለመንን ፈርቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ መስመር ላይ በራሴ እጅ የራሴን ስም ልፈርም።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግኩት የፊተኛውን ማንም ከጉዳዩ አልፎ ስላላነበበው ነው። ጎረቤቴ በአውቶቡሷ ወንበሮች ጀርባ ሁሉ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ቋንቋችንን የሚያነብ ተሳፋሪ በዚያ መስመር አይታጣም።

እስክሪብቶዎ እንዳይደርቅ፣ መስተዋትዎ እንዳይሰነጠቅ፣ በደጋፊ እጅ ከመውደቅም እንዲሰውርዎ እየተመኘሁ፣ ተኝቼም ቢሆን እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞዋ ጥገኛ፣ የአሁኗ ማመልከቻ ጸሐፊ
(የሚነበብ ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለባለ ሹራቧ፣ ከወረቀት መሃረብ ጋር
ለአስተርጓሚዎ፣ ከአንድ «ው» ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዝዎ ሳይፈጸም ይቀራል ብለው እንዳይሠጉ። ሐኪሟ ከሆዴ የለቀመችውን የከረጢት ቁራጭ በጠርሙስ አስቀምጣልኛለች፤ ጎረቤቴ ነገ ጠዋት በመስኮት ቁጥር ሰባት ታስረክብዎታለች። ጥገኛው ተወግዷልና ፋይሉን ይዝጉልኝ። ለርክክቡ የግድ የደጋፊ ፊርማ ያስፈልጋል ከተባለ ግን ችግር የለም፤ ይህን ሁሉ ዓመት በጉበቴ የደገፍኩት እኔ ነኝና እፈርማለሁ።