የሌዋታን ባሕርና የእማዬ ስም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአለበል፤

እንደምን ሰንብተሃል? የዋርሶ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አቀርቅረህ ስትውል የሚነሣብህ የወገብ ሕመምስ ተወህ ወይ? እህል ውኃ በደንብ ትቀምሳለህ? እኛ ናፍቆትህ ከሚቆረጥመን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ሰሞኑን ኔትወርኩ ሄድ መለስ ስለሚል፣ የምነግርህም በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ለሥልጠና ወደዚያ በምትመጣው በሆስፒታላችን ሐኪም በኤሌኒ እጅ ይህችን ወረቀት ልኬልሃለሁ።

ነገሩን ያመጣው ጎረቤታችን አያ ፋንታሁን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሃና በረንዳ ላይ ተቀምጣ አንተ የሠራህበትን አዲሱን ጌም በስልኳ ስትጫወት፣ ከስልኩ ውስጥ «ብሔሞት»፣ «ሌዋታን» የሚል ድምፅ ሰማ። ወዲያው ወደ አባባ ገብቶ «መሪጌታ፣ ልጅህ በፈረንጅ አገር አጋንንት እየሰበሰበ ለሕፃናት ያድላል!» አለው። እኔ ነገሩ ሊብስ ነው ብዬ ፈራሁ። እማዬን ከቀበርን ወዲህ አባባ ስምህን በአፉ አላነሣም። በኮሮናው ጊዜ አውሮፕላን ቆሞ እንደቀረህ ስንት ጊዜ ነገርሁት፤ እሱ ግን «እናቱን ያልቀበረ» አለና አፉን ዘጋ፣ በዚያው ቀረ።

የፈራሁት አልሆነም። ዓይኑ አሁን ከጥላ በቀር አይለይም፤ ስለዚህ ሃናን ጠርቶ «እስቲ ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቢልኝ» አላት። አርዌ ስትለው «እሱማ የአክሱም ዘንዶ ነው፤ ሰው ይገበርለት ነበር» አለ። ፊንክስ ስትለው «ተቃጥላ ከአመዷ የምትነሣ ወፍ ናት፤ የድሮ አባቶች ለትንሣኤ ምሳሌ ያደርጓታል» አላት። ትሮል ላይ ሲደርሱ ራሱን ነቀነቀና «ይሄ የኛ አይደለም፤ የነሱ አያቶች ተረት ይሆናል። በረዶ ያለበት አገር የራሱ ጭራቅ አያጣም» አለ። አያ ፋንታሁን ለክስ መጥቶ ተማሪ ሆኖ ቁጭ አለ።

እኔም ልጅነታችን መጣብኝ። ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያውለን አባባ የሌዋታንን ርዝመት ከፋሲል ግንብ እስከ ቁስቋም እያደረሰ ሲያወራልን፣ አንተ በከሰል ግድግዳው ላይ ትስላት ነበር። ጅራቷ ሣጥኑን አልፎ በሩ ጋ ደረሰ። እማዬ ልትቆጣህ ገብታ ስቃ ወጣች። ለፋሲካ ቤቱን ኖራ ስትቀባ እንኳ የሌዋታንን ዓይን ሳትሸፍነው ተወችልህ። ምን ዓይነት ሸጋ ጊዜ ነበር!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሃና «ብሔሞት ከባሕር ይወጣል» ብላ ስታነብ አባባ ከመደቡ ብድግ አለ። «ምነው! ብሔሞት የምድረ በዳ ነው እንጂ! የባሕሯ ሌዋታን ናት፤ እሷም ሴት ናት! ልጄ ይህን እንዴት ይረሳል? እኔ አይደለሁ ያስተማርሁት?» አለ። እኔና ሃና ተያየን። «ልጄ» ሲል ሰማነው።

ከዚያ ሃና ወደ መጨረሻው ስም መጣች። የጌሙ ተዋጊ ሲቆስል ወደ ምንጭ ዳር የሚሄድላት፣ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ቁስሉን የምታስርለት ሴት አለች። ስሟን ስታነበው ድምጿ ቀነሰ፤ «ውቢት» አለች፤ የእማዬን ስም። «አባባ፣ ይኸኛውስ ከየት የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እስቲ ድገሚው» አላት። ኋላ «ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከመካነ ብርሃን አገር ነው» አለ። ለቅኔ ትምህርት ሲጓዝ እግሩን ድንጋይ ቆርጦት በዚያ እንደተቀመጠ፣ አንዲት ውኃ ቀጂ ልጅ ቁስሉን አጥባ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ እንዳሰረችለት፣ ስሟን ጠይቋት «ምን ያደርግልሃል?» ብላ እንደሄደች፣ እሱም እግሩ ከዳነ በኋላ መንገዱን ትቶ አባቷን ፍለጋ እንደዞረ አጫወተን። አለቤ፣ ይህን ለእኔ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እማዬ ለአንተ ብቻ ነግራህ ኖሯል?

አባባ እንባውን በጋቢው ጠርጎ «ቀብሯታል፤ እኔ ባላየሁት በኩል ቀብሯታል» አለ። ከዚያ በኋላ ያለኝን እንዳለ ልጻፍልህ፤ «ብሔሞትን ወደ በረሃው ይመልሰው። እሷን ግን እንዳይነካብኝ። ደግሞ ለጥምቀት ፈቃድ ቢሰጡት ይምጣ፤ መቃብሯን እጁን ይዤ አሳየዋለሁ፤ መንገዱን ያለ ዓይን አውቀዋለሁ።»

ባለቤቴ ጌትነት እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ሃና ሰላም ትልሃለች፤ ሌዋታንን እስካሁን ማሸነፍ አልቻለችም። አያ ፋንታሁንም ሰላም ብሎሃል፤ አጋንንቱን ልመርምር እያለ የልጅቱን ስልክ አለቅም ብሏል።

አባባም ሰላም ይልሃል። ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ በየስልኩም በየደብዳቤውም «አባባ ሰላም ይልሃል» ያልሁህ ከራሴ ነበር፤ ይቅር በለኝ። የዛሬውን ግን እሱ ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ «ጻፍሽው? አንብቢልኝ እስቲ» እያለኝ ነው።

እህትህ ሸዋረግ ሀብተ ማርያም

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.