ሽጉጡን ከታጠቅኩ ወዲህ

ሰኞ

አልፈልግም አልኳቸው። አልሰሙኝም። ሥራ አስኪያጁ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ «ጎረቤት ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ተዘርፎ አንተ በዱላ ልትጠብቀኝ ነው?» አሉኝ። በልጄ ዕድሜ ናቸው። እሳቸው አንተ ይሉኛል፣ እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ። በዚህ በካዛንቺስ የሕንፃ ዕቃ መደብር በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው። እስከ ቅዳሜ ሞክረው፣ ካልሆነልህ ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ አሉ።

ታጠቅኩት። ስቀመጥ ጎኔን ይወጋኛል። ሽንት ቤት ስገባ የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳስረክብ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።

እሑድ የባለቤቴ የዘነበች ሙት ዓመት ነው። ያን ቀን እቆርባለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። በዚህ እጅ?

ማክሰኞ

ሾፌሩ ታዬ ሁልጊዜ ክላክሱን ያስጮህና «አንተ ሽማግሌ፣ ሞትክ እንዴ? ክፈት!» ይለኛል። ዛሬ ወገቤን አየና ሞተሩን አጠፋ። «ኧረ ጋሼ! እንዴት አደሩ? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ!» ብሎ ወርዶ ከፈተ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ከሰዓትም ሲመለስ ወርዶ ከፈተ።

ረቡዕ

ጾም ነው። ከቤት ለስላሳ ጨርቅ ይዤ ሄጄ ወለወልኩት። የዘነበች ሻሽ ነው። ለማንም አልሰጥም ያልኩት። ለምን እሱን አነሳሁ? ለስላሳ ስለሆነ።

ዛሬ ጎኔን አልወጋኝም።

አስረክቤ ወደ ቤት ስሄድ ቂርቆስ ደጃፍ ላይ እጄ ተነሳ። ለማማተብ መስሎኝ፤ ወገቤን ዳበሰ። ባዶ ሲሆን የት ጣልኩት ብዬ ደነገጥኩ። ሳላማትብ ማለፌን ያወቅኩት ቤቴ በር ላይ ነው።

ሐሙስ

ይህን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ሐሰን ጎረቤቴ ነው፤ የወሎ ሰው፣ መደብሩ ፊት ለፊት በሸክም የሚተዳደር። የዘነበችን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ነው። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከመደብሩ ግቢ ቧንቧ የውዱእ ውሃ ይቀዳል። ዛሬም መጣ። ሥራ አስኪያጁ የውጭ ሰው አይግባ ብለዋል፤ በመስኮት እያዩ ነበር። አይቻልም አልኩት። «ተው እንጂ ብሬ፣ ሶላት ሊያልፈኝ ነው!» ብሎ እየሳቀ ሊያልፍ ሲል እጄ ሽጉጡ ላይ ነበር። ማን እንዳዘዘው አላውቅም።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጦ ሁለት እጁን አነሳ። «እኔ ነኝ እኮ» አለ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። ቀጥሎ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብሎ ሄደ።

ከሐሰን ጋር ሃያ ዓመት አንተ ተባብለናል።

ዓርብ

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ተኩሰሃል?»

«አልተኮስኩም አባቴ።»

«ሰው አስፈራርተሃል?»

«አዎ።»

«መጀመሪያ ሂድና ታረቅ። ከዚያ ትቆርባለህ።»

ወደድከው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ

እምቢ ልል ነው ቢሮ የገባሁት። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሐሙስ ያደረጉትን አይቻለሁ፣ ጋሼ ብርሃኑ። ይቀመጡ እንጂ! የሽጉጡ መረከቢያ ይኸው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አሉኝ። ይቀመጡ። ይፈርሙ።

ፈረምኩ።

ከሥራ ስወጣ ሐሰን ቤት ሄድኩ። ሚስቱ «የለም» አለችኝ። ጫማው ደጃፉ ላይ ነበር።

እሑድ

ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ማንም አልከለከለኝም። ለዘነበች ልጸልይ ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋኝ። ሐሰን ዘንድ እንደገና ልሂድ ወይስ ልተው? እሱ በሩን ቢከፍትልኝ እንኳ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

ሽጉጡ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ነገ ጠዋት ነው የምረከበው። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፤ ናፍቆኛል።