እሳት አደጋ የገባችው ልጃችን

ይድረስ ለየሺዬ፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

አንቺ ከሄድሽ በረዶው ሦስት ጊዜ ጥሎ ሦስት ጊዜ ቀለጠ። ይህን የሚጽፍልሽ ጎረቤት አይደለም፤ እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! አዎ፣ ያ ለፊርማ መስቀል ይጭር የነበረው ባልሽ። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። መምህሩ እንዲህ አላለም፣ ግን ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። አበቦችሽን አጠጣለሁ። አንዱ ብቻ ደረቀ፣ እሱ ድሮም ሰነፍ ነበር። ላወራሽ የፈለግሁት ግን ስለ ሳሮን ነው።

ልጃችን ከቶሮንቶ ወጥታ፣ በሰሜን በኩል በቆሎና ላም ብቻ ያለበት አገር፣ የእንስሳት ሐኪም ቤት ተቀጥራለች። አምና ቅጠሉ ሲረግፍ ኮል አድርጋ፣ በዚያች በምታውቂያት አማርኛዋ «አባዬ፣ እሳት አደጋ ገባሁ» አለችኝ። ስልኩም ተቋረጠ። የሺዬ፣ በነጠላ ጫማ ወጥቼ ፎቁን በሙሉ አስለቀስኩት! ጎረቤታችን እትዬ አልማዝማ ደረታቸውን መምታት ጀምረው ነበር። መልሳ ስትደውል ለካ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆኛለሁ ማለቷ ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ በበጎ ፈቃድ። ሳቅሁ፣ ሳቅሁና ስልኩን ዘግቼ በነጠላ ጫማዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ የሰማሁትም እኮ ስህተት አልነበረም፤ እሳት ውስጥማ ገብታለች።

በቀደም ለጣቢያቸው መደገፊያ ቁርስ አለ፣ ና አለችኝ፤ ሄድኩ። ያገሩ ሰው አንድ አልቀረም። አንዷ ኬክ ጋግራለች፣ አንዱ እንቁላል በቅርጫት ይዟል፤ ለአዲስ የውሃ ቱቦ ሁሉም የአቅሙን ያዋጣል። እሳቱን የሚያጠፉትም እነሱው ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂው፣ የኛዋ ቀጫጫ። ይሄማ እድር ነው አልኩ፤ ልዩነቱ የኛ እድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፣ የነሱ ሳይሞት። አዳራሹን በሳቅ የሚያፈርስ ቀልድ ነበር! ሳሮን ልትተረጉመው አፏን ስትከፍት ወገቧ ላይ የሰካችው የእሳት ጥሪ መሣሪያ፣ ፔጀር የሚሉት፣ ጮኸ።

የሁሉም ሹካ ባንዴ ወደቀ። እሷም ሮጠች፤ ዞራ እንኳ አላየችኝም። የከብት ቤት እየነደደ ነው አሉ።

የቀሩት ሰዎች፣ የሄዱት ሲመለሱ እንዲበሉ፣ ሳህናቸውን በፎይል ወረቀት መሸፈን ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ለኔም ፎይል አስያዙኝ፤ የሳቸውም ልጅ ሄዷል። እንግሊዝኛዬ ለሱቅ ይበቃል፣ ለጭንቀት ግን አይበቃም፤ ሳህን ስንሸፍን ቆየን። የሳሮንን ሁለት ጊዜ ሸፈንኩት። ጭሱ በመስኮት ይታያል፤ ነጣ ይላል፣ ደግሞ ይጠቁራል። የቱ ደግ የቱ ክፉ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? በማታ ትምህርት እሱን አላስተማሩኝም።

መጣች፣ ተመስገን። ፊቷ ጥላሸት ብቻ። ላሞቹን አወጣናቸው ብላ ቁጭ አለችና በላች። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ተዪው ብላት አትተወውም፤ ግትርነቷ ያንቺ፣ ቁንጅናዋ የኔ። ስለዚህ ተስማማን፤ ጥሪ ሲመጣባት አንዴ ደውላ ትዘጋለች፣ ስትመለስ ደግሞ ታወራኛለች። አንቺ ሰው ከቤት ሲወጣ በር ድረስ ወጥተሽ «በሰላም ግቡ» ሳትይ አትቀመጪም ነበር። አሁን ስልኩ ሲጮህ እኔ በሩን ከፍቼ፣ ለባዶው ኮሪደር፣ በአንቺ አነጋገር «በሰላም ግቢ» እላለሁ። ፎቁ አበደ ይበለኝ።

ዛሬ ከሰዓት ደውላ ዘጋች። «በሰላም ግቢ» ብያለሁ፣ በሩም ላይ ቆሜያለሁ። እስካሁን አልደወለችም። ይህን የምጽፍልሽም እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው። የሺዬ፣ አልረሳሽም፤ በዚህ በር የሚወጣ እስካለ ድረስ ቃልሽን ስልልሽ እኖራለሁ። ብቻ አንቺም በሰማይ ቤት ካለሽበት ሆነሽ፣ ዛሬ አንዴ አብረሽኝ በይላት።

ያንቺው፣
ተሰማ