ካውያው እንደተሰካ

ነሐሴ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አሰላ

ከሆስፒታል ደክሞኝ ገብቼ የነርስ ልብሴን ሳላወልቅ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጠሩኝ። ልጃቸው አልማዝ ለቀበሌ ስብሰባ ያልደረቀ ቀሚሷን ስትተኩስ ኮረንቲ ይዟት ወርውሯታል። ሰፈርተኛው ጓሮ ቆፍሮ እስከ ወገቧ ቀብሯታል፤ የተቃጠለ መዳፏ ጭቃ ጠግቧል። አስወጥቼ ቁስሉን አጠብኩላት። የልብ ምቷ ስላልተስተካከለ ሆስፒታል ትደር አልኩ።

"ልጄ፣ አፈሩ እኮ ስቦላታል፤ ወተትም ጠጥታለች" አሉኝ እትዬ።

አፈር ከሰው ገላ ኮረንቲ እንደማይስብ ስንቴ እንደተናገርኩ እንጃ። በልመና እሺ አሉ። ነጠላዋን ላመጣ ስገባ ካውያው እንደተሰካ ወለሉ ላይ ይግላል። ያ ሁሉ ሰው አካፋ ሲፈልግ ማንም አልነቀለውም። ልነቅለው እጄን ዘረጋሁ። ሶኬቱ ጋ ሲደርስ እጄን አየሁት፤ ቁስሉን ያጠብኩበት ውሃ ገና አልደረቀበትም።