የብርጭቆዎቹ በር

ልጄ ቃልኪዳን፣ ክብራን ገብርኤል ካለሽበት ድረስ ይጠብቅሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሐይቁም ሞልቷል።

የላክሽውን ማጠፊያ አናጢው አዘዘ በኩሽናው ካቢኔት በሮች ላይ ገጠመልኝ። ብለቃቸውም ድምፅ ሳያሰሙ ቀስ ብለው ይዘጋሉ። ወደድሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ጎረቤቴ እትዬ ሸጊቱ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ መጡ። «አለሽ? ድንኳን ላስተክል ነበር እኮ» አሉኝ። ለካ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ሳወጣ የካቢኔቱ በር ሲላተም በግድግዳው በኩል ይሰሙና «ተነሣች» ይሉ ኖሯል። እኔ ማንም የማይሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

እናም አዘዘን የብርጭቆዎቹን በር አሮጌ ማጠፊያ አስመለስሁት። አትቀየሚኝ፤ ሌሎቹ እንዳልሽው ናቸው።

አንቺስ እዚያ ጠዋት ስትነሺ የሚሰማሽ ጎረቤት አለሽ? እሱን ብቻ ጻፊልኝ። በሰው መካከል ያኑርሽ።

እናትሽ