ጥላ ያልጣለው ፎቅ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ ተሻለዎት? እኛ ደኅና ነን። እናቴም ደኅና ናት፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከአልጋዋ ሆና «ምን አልሽው? አንብቢልኝ» እያለች ታዋክበኛለች።

ትናንት ያ የእርስዎ ግንበኛ የልብስ ስፌት ሱቄን ግድግዳ ሊጠግን መጥቶ ስንጫወት፣ የእርስዎ ፎቅ ለምን ተጀምሮ እንደቀረ ከአፉ አመለጠው። ሰፈሩ «ባለ ጅምሩ» ብሎ ስም አውጥቶልዎ የለ? ከጣሪያው በላይ የተገተረውን ፌሮ እያየ «ቤቱ ፀጉሩ ቆመ» ሲል፣ እርስዎም አብረው ይስቁና «ሲሚንቶ ተወደደ» ብለው ያልፉት ነበር።

የእናቴ የኦክስጅን ማሽን መብራት በጠፋ ቁጥር እንዴት ይጮህ እንደነበር ያውቃሉ። ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ፍለጋ ጀሪካን ይዤ ያልዞርኩበት የለም። ሶላሩን ያሰቀልኩ ዕለት ተገላገልኩ አልኩ። ጥቂት ሰንብቶ ግን ባትሪው ሳይሞላ ይመሽ ጀመር፤ ማሽኑም እንደገና ጮኸ። እኔ የሸጠልኝን ነጋዴ ስራገም፣ እርስዎ ለካ ከግቢዎ ቆመው ቀና ብለው አይተዋል፤ አዲሱ የፎቅዎ ግድግዳ ፓኔሎቹ ላይ ጥላ ጥሎባቸዋል። በማግስቱ አስፈረሱት። ግንበኛው «አብደዋል እንዴ?» ቢልዎት እንዲህ አሉት፦

«እኔ ምድር ቤቱ ይበቃኛል። እትዬ ግን በግማሽ ትንፋሽ አይኖሩም።»

ጋሼ፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ሬዲዮው ሁሌ ያወራል። ነዳጅ ሲያልቅ እሷ አለች፣ በነፃ ናት ይላል። ጎረቤትን ግን የሚያነሳ አልሰማሁም። ያ ፎቅ ለልጅዎና ለልጅ ልጆችዎ ነበር፤ እነሱ መጥተው የሚያርፉበት ቢያጡ እርስዎ ወደነሱ ሄዱ። ይህን ሳስብ ስፌቱን ትቼ አለቀስኩ። እግዜር ይስጥልኝ። የእናቴን ዕድሜ ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት።

አሁን መላ ተገኝቷል። የፎቅዎ ግንባታ እስኪያልቅ ፓኔሎቹ ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ይሰነብታሉ፤ እሳቸውም እሺ ብለዋል። ሲያልቅ ፓኔሎቹ የእርስዎ ፎቅ አናት ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ማን ጥላ ይጥልባቸዋል? የደረጃዎ መብራት ከኛ ነው። ፌሮው ዝጎ ሳያልቅ ይምጡ።

እናቴ ይህንንም ጨምሪ ብላለች፦ «ትንፋሼን ሲጠብቅልኝ ኖሯል። አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቹን ያምጣና በጫጫታ እንቅልፍ ይንሱኝ።»

በርዎን እየጠረገች የምትጠብቅዎ፣
ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ