አዳሩ የት ነው?

ውድ እማማ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? በድልድይ ወዲህና ወዲያ ሆነን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅዎት አይቀርም። በእግሬ ብመጣ ከደብዳቤው ቀድሜ እደርስ ነበር። ግን ፊት ለፊት ስንሆን እርስዎ «አንተ ደግሞ፣ እስቲ መጀመሪያ ብላ» ይሉኛል፤ ነገሬም በጉርሻ መሐል ይቀራል። ወረቀት ብላ አይልም።

ያቺን ፒክአፕ ልገዛ ማሰቤን ያውቃሉ። የሠራሁትን በርና ቁምሳጥን በሰው መኪና እያመላለስኩ ትርፌ ሁሉ ለባለመኪና ሆነ። እሑድ ዕለት ሳማክርዎት ሳቅ ብለው፣ «በእኔ አድራሻ አስመዝግባት» አሉኝ። «የእናንተ ማዘጋጃ ቤት በመኪና ሽያጭ ላይ የሚጥለው ግብር ጉድ ነው። ድልድዩን ከተሻገርክ ግማሹንም አይሞላም። ያው መኪና፣ ያው ጎማ! ልጄ አይደለህ? ምን ቸገረህ?»

እውነትዎን ነው። በእኔ ሰፈር ከሚቆሙት መኪኖች እኩሌታው የእናንተን ሰፈር ታርጋ የለጠፉ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ግን ሲያስነጥሱ በግድግዳው በኩል «ይማርህ» የምላቸው ጎረቤቶቼ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ልቤ አልረጋ አለኝ። ስጸልይ እንኳ ያ ድልድይ መሐል ላይ እየመጣ አስቸገረኝ። በአንድ በኩል ደግሞ ግብሩ መቅለሉ ደስ ብሎኛል፤ ለእርስዎ አልዋሽም።

ዛሬ ጠዋት እርስዎ ካገናኙኝ ደላላ ጋር ወደ እናንተ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሲያጠናኝ ነበር። «ጋሼ፣ የአማትዎን አድራሻ ይናገራሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይወጣሉ። ሌላ ወሬ እንዳያበዙ።» መስኮቱ ጋ ስንደርስ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል፣

«አዳሩ የት ነው?» አለችኝ።

እኔ የራሴን አዳር የጠየቀችኝ መሰለኝ፣ እማማ።

«ቤቴ ነው» አልኳት። «ብቻዬን ነው የማድረው። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ሰሞን መብራት ሳላጠፋ ነበር የምተኛው፤ አሁን ደህና ነኝ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ «አባባ፣ የሚስት ፈላጊዎች ሰልፍ በዚያኛው መስኮት ነው!» አለ። ደላላው በክርኑ ጎሸመኝ። ጸሐፊዋ ግን አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀስ ብላ፣ «አባቴ፣ የመኪናውን አዳር ነው የጠየቅኩዎት» አለችኝ። «ግብሩ የሚታሰበው መኪናው በሚያድርበት ሰፈር ነው፤ የትም ይገዛ የት።»

የእርስዎ አድራሻ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልወጣ አለኝ። እውነቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአፌ አምልጦ ወጥቶ፣ ውሸቱን በምን ፊቴ ላስከትለው? መልሱን የማስብበት ጊዜ ባገኝ ብዬ፣ «ለመሆኑ እዚህ ለምን ቀለለ?» አልኳት።

«የቤቱ ግብር ስለከበደ ነዋ። ማዘጋጃ ቤት ሁሉ የየራሱን ያወጣል። ከድልድዩ ማዶ በመኪናው ይበረታሉ፣ እኛ በቤቱ እንበረታለን።»

«መኪና የሌለው፣ ቤት ብቻ ያለውስ ምን ይሆናል?»

ደላላው ከጎኔ ቀበል አድርጎ፣ «እንደ አማትዎ ይሸጣላ!» አለና አፉን በእጁ ያዘ። «ውይ... አልነገሩዎትም እንዴ?»

ጸሐፊዋን «ዛሬ አዳር የላትም፤ ሲኖራት እመለሳለሁ» ብያት ወጣሁ። ደላላውንም ደጅ ላይ ይዤ ሁሉንም አናዘዝኩት። የቤቱ ግብር ከአቅምዎ በላይ መሆኑን፣ ሐሙስ ገዢ ይዞ እንደሚመጣ፣ እርስዎም አንዲት ክፍል ሊከራዩ ማሰብዎን ነገረኝ።

እማማ፣ ልጅዎ ያደገችበት ቤት እኮ ነው። እሑድ ዕለት የእኔን ግብር ሲያቀሉልኝ የእርስዎ ግብር ግን አንገትዎ ድረስ ደርሶ ነበር። ከሰፈርዎ ግብር ቀላሉን ለእኔ ሰጥተው ከባዱን ለብቻዎ ዝም ብለው ይዘውታል። እኔም ተመግቤ፣ መርቀውኝ፣ ስለ ፒክአፕ ሳወራ አመሸሁ። «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብዬ የጠየቅኩ ይመስለኛል፤ መልሱን ግን አልጠበቅኩም።

ከቀብሩ ማግሥት «ና፣ እኔ ጋ ሁን» ብለውኝ ነበር። አማቱ ቤት ተጠግቶ ይኖራል እንዳልባል ፈራሁ። ከሥራ ገብቼ ቁልፉን ስከፍት ግን ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ የሚለኝ እንኳ የለም። ያንን የምፈራውን ወሬ የሚያወራው ማን እንደሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ባስብ፣ አንድም ሰው አጣሁ።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ለአከራዬ እለቃለሁ ብዬ ነግሬዋለሁ። ረቡዕ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ፤ የኋላዋ ክፍል ትበቃኛለች። ለኪራይ የማወጣው ለቤቱ ግብር ይውላል። «ከልጄ ገንዘብ አልቀበልም» ብለው እንዳይቆጡኝ፤ የማድርበትን ቤት ግብር መክፈል ወጉ ነው። የመኪና ግብር ሽሽት መጣ የሚል ካለም ይበል። በመኪናዋ የማተርፈውን ቤቱ እንደሚውጠው አስቤበታለሁ፤ እያወቅኩ ነው የምመጣው።

ቤቱ የእርስዎ ነው፤ አይሸጡትም ብዬ ላዝዝዎት አልችልም። እምቢ ካሉኝ ፒክአፗን እዚሁ በሙሉ ግብሯ አስመዘግባታለሁ፤ የቤቱን ግብርም ቢሆን ከማገዝ አልቦዝንም። ግን እምቢ አይበሉኝ። በማለዳ ስጸልይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ መጋዜንም ከግቢው ወደ ቤት አላሳልፍም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ደላላው ራሱ ነው። ኮሚሽኑን የሚያስቀርበትን ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ አያውቅምና ውሃ እንኳ ያጠጡልኝ።

ሐሙስ ገዢው ሲያንኳኳ እርስዎ አይነሡ፣ ጉልበትዎን ያሳርፉ። እኔ እከፍትለታለሁ። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው እለዋለሁ።

ፈጣሪ እስክንገናኝ ይጠብቅልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
አናጺው